ጋርዱ ለምን ወለቀ? ፋብሪካ ውስጥ አደገኛ የማሽን አሠራር ሲያጋጥም

ጅማ ውስጥ ቡና መቀሸሪያ፣ እንጨት ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። የማሽኑ ጋርድ፣ ማለትም እጅና ልብስ እንዳይገባ የሚከልለው ሽፋን፣ ማሽኑ ላይ የለም። ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ጠጥቷል፣ ወይም የቱታ መስቀያ ሆኗል። ከሞተሩ ወደ ማሽኑ ዙረቱን የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ራቁቱን ይሽከረከራል። «ይሄ ነገር አያሰጋም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ አዲስ ሠራተኛ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እስካሁን ምን ሆነ?»

መልሱ ደግሞ እውነት ነው፤ እስካሁን ምንም አልሆነም። ክርክሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። አንድ ማሽን ያለ ጋርድ ለዓመታት ሰው ሳይነካ ሊሠራ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አደጋው አልቀነሰም። የቀነሰው ፍርሃቱ ነው።

ስለ ሥራ ደኅንነት ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው ወደ ሄልሜትና ጓንት ይሄዳል። ካልሆነም «ሠራተኛው ቸልተኛ ስለሆነ ነው» ይባልና ያልቃል። በእኔ እምነት ሁለቱም ከነገሩ ሥር አይደርሱም። ጋርድ በራሱ አይወልቅም። መፍቻ ይዞ ብሎኑን የፈታ ሰው አለ። የፈታበትም ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይጠየቅ ጋርዱ ቢመለስ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይወልቃል።

ቡና መቀሸሪያውን እንውሰድ። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ሲገባ ማሽኑ ይታነቃል። ኦፕሬተሩ ሽፋኑን ከፍቶ በእንጨት፣ ሲቸኩል ደግሞ በእጁ ይቆሰቁሳል። በቀን አንዴ ቢሆን ማሽኑን አጥፍቶ ይሠራው ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ሲሆን ግን ሽፋኑን መግጠም ይተወዋል። እዚህ ላይ «ሽፋኑን ግጠም» ብሎ መጮህ ብዙ አይጠቅምም። መፍትሔው ያለው ማድረቂያ አልጋው ላይ ነው። ጀንፈሉ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ገደማ ደርሶ ከመጣ ማሽኑ አይታነቅም፤ ሽፋኑን የሚከፍት ሰውም አይኖርም። ማሽኑ ጋ የቆመው ሰውዬ ጣቱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ላይ ለቸኮለው ነው።

ብረት ቤት ስትሄዱ ደግሞ ግራይንደሩ ጋርድ የለውም። ለምን? ከትልቁ ግራይንደር የተረፈ ያለቀ ዲስክ ትንሹ ላይ እንዲገጥም ነው። ቁጠባ ነው። ቁጠባው ግን ሒሳብ ይጎድለዋል። የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የ180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት 8,500 ነው። ዲስኩ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል ማለት ነው። ሲፈነዳ ስባሪውን ፊት ላይ እንዳይደርስ የሚያስቀረው ጋርዱ ነበር። እሱ ደግሞ ወልቋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ኮታ አለ። የሺፍት መሪው በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደወጣ ይቆጥራል፤ ጋርዱ መኖሩን ግን አይቆጥርም። በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ትንሹ ስዊች በፕላስተር ይታሰራል። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ ሠራተኛ አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ታታሪው ነው።

«እጄ ፈጣን ነው»

ይህን የሚል ሰው በየፋብሪካው አይጠፋም። ስለዚህ ፍጥነቱን እንቁጠረው። በብዛት የምናየው የኢንዱስትሪ ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ መብራት በደቂቃ ወደ 1,450 ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ 24 ጊዜ መሆኑ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ) ዳያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቺንጋው በሴኮንድ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለመሰብሰብ ቢፈጥን ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ቺንጋው አንድ ሜትር ተኩል ሄዷል። የቱታ እጅጌ ወይም የሻርፕ ጫፍ ከተያዘ፣ «ወይኔ» ከማለታችሁ በፊት ክንዱ ፑሊው ጋ ደርሷል። ፈጣን እጅ የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

በጣም አደገኛው ቦታ ቺንጋው ፑሊው ውስጥ የሚገባበት አፍ ነው። ሁለት ሮለር የሚገናኙበት፣ ሁለት ጥርስ የሚናከሱበት ቦታም እንዲሁ ነው። ጋርድ ሌላውን ሁሉ ባይሸፍን እንኳ እነዚህን መሸፈን አለበት። ወንፊት ከሆነ ደግሞ ጣት አያሳልፍ።

ጓንት ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ስለሚያምን። ስለት ያለው ቆርቆሮ ስታነሱ ጓንት ያስፈልጋል። ድሪል፣ ቶርኖና ማንኛውም የሚሽከረከር ነገር ጋ ግን ጓንት አደጋ ነው። ድሪሉ የጓንቱን ጨርቅ ይይዝና ጣቱን ይዞ ይጠቀልላል። «ጓንት አድርግ» የሚል ማስታወቂያ በየማሽኑ ላይ በጅምላ የሚለጥፍ ፋብሪካ ደኅንነት ያሰበ ይመስለዋል እንጂ አላሰበም። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የሒጃብ ጫፍ፣ የተለቀቀ ጸጉርም ወደ ቱታው ውስጥ ይገባል። ይህ ለሴት ሠራተኞች መነገር ያለበት በአክብሮት ነው፤ ቢቻል ሴት የሥራ ባልደረባ ትንገራቸው።

መብራት ሲመጣ

በእኛ አገር ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ መብራት ኃይል ያስተማረን አደጋ አለ። ማሽን እየሠራ መብራት ይጠፋል። ኦፕሬተሩ «ጥሩ አጋጣሚ» ብሎ የታነቀውን ሊያጸዳ እጁን ያስገባል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ ይመጣል።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ኮንታክተር የሚባለው ዕቃ ነው። በስታርትና ስቶፕ ቁልፍ የሚሠራ ነው። መብራት ሲሄድ ውስጡ ያለው ጥቅል ይለቃል፤ መብራት ሲመለስም ሰው ስታርቱን እስኪጫን ድረስ ማሽኑ አይነሳም። በተራ ማብሪያ ወይም በብሬከር ብቻ የሚነሳ ማሽን ግን መብራት እንደመጣ ራሱ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ኮንታክተሩ አለ፤ ግን «አስቸገረን» ተብሎ በሽቦ ተሻግሯል።

የእናንተ ማሽን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከባድ ምርመራ አያስፈልግም። ማሽኑ ባዶውን ይነሳ፣ ሰው ሁሉ ራቅ ይበል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ዋናውን ብሬከር ያጥፋና መልሶ ያብራ። ማሽኑ ራሱ ከተነሳ ነገሩ ታወቀ። ኮንታክተር ማስገጠም ፋብሪካ የሚያከስር ወጪ አይደለም። እኔ ባለቤት ብሆን ከሁሉም በፊት ይህን ነበር የማስገጥመው፤ ከሄልሜቱም በፊት። ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ከተቀያየረ ሞተር በተቃራኒው ሊዞር ይችላል። አዲስ መስመር በተዘረጋ ወይም ጥገና በተደረገ ቁጥር አዟዟሩን ባዶውን እዩት።

ለጥገናና ለጽዳት ደግሞ ቁልፍ አለ። ማሽኑን አጥፍቶ «እየሠራሁ ነው» ብሎ መጮህ ጥበቃ አይደለም። ከጀርባ ያለው ሰው አይሰማም፤ ሺፍትም ይቀየራል። ዋናው ማብሪያ ይጠፋና ጓጉንቸር ይገባበታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚኖረው እጁን የሚያስገባው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር ይገባል። ጓጉንቸሩ ላይ የሚንጠለጠለው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የእጅ ሥዕል ይጨመርበት። ከተቆለፈ በኋላ ስታርቱን ተጫኑት፤ መሞቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የተንጠለጠለ ነገር ካለ ይውረድ፣ የታመቀ አየር ካለ ይተንፍስ። መብራት የሌለው ማሽንም ይጨፈልቃል።

ሰውየውን ምን ትሉታላችሁ?

እጁን የሚሠራ ማሽን ውስጥ የከተተ ሰው ስታዩ ከኋላ አትጩኹበት፣ አትያዙትም። ይደነግጣል፤ የደነገጠ እጅ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስቶፑን ተጫኑ። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ለዚህ ነው የተሠራው፤ ለመጫን ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስቶፑ የት እንዳለ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ማወቅ ይገባል፤ ጆንያ ተደርድሮበት ከሆነ ጆንያው ይነሳ።

ማሽኑ ከቆመ በኋላ ንግግሩ ይመጣል። ሰውየው ምናልባት 20 ዓመት የሠራ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው አንጋፋ ኦፕሬተር ነው። በወጣት ፊት «ተሳስተዋል» ብትሉት መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ለብቻው፣ ምናልባት ቡና እየጠጣችሁ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሽፋን ምን አስቸገረዎት?» በሉት። እኔ እስከማውቀው ይህ ጥያቄ የማይሠራበት ቦታ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይዘረገፋል፦ ቺንጋው ላልቷል፣ ብሎኑ ጠፍቷል፣ ሽፋኑ ሲገጠም ውስጡ አይታይም፣ አለቃው ይቆጣል። እነዚህ ሁሉ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። ለማጥበቅ በየቀኑ መከፈት ያለበት ጋርድ በስድስት ብሎን ፈንታ በማጠፊያ ይሠራ፤ ሲከፈትም ማሽኑን የሚያቆም ስዊች ይገጠምለት። ውስጡ መታየት ካለበት በወንፊት ይሠራ። ጅማ ጥሩ በያጅ አልጠፋባትም።

አለቃ ጋ ስትሄዱ ግን ቋንቋው ይቀየራል። «አደገኛ ነው» ብቻ ብትሉት «እናያለን» ይላችኋል። ከነመፍትሔው ሂዱ፤ ደግሞም በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተነገረ ነገር አደጋ በደረሰ ማግስት «ማንም አልነገረኝም» ይሆናል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለምርት ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የሁለተኛው መቀሸሪያ ማሽን ጋርድ። ከሰኞ ጀምሮ የቺንጋው ጋርድ አልተገጠመም። ቺንጋው ስለላላ በየሺፍቱ መወጠር አስፈልጓል፤ ጋርዱ የወለቀውም ለዚሁ ነው። ቺንጋው ያለው ኦፕሬተሩ ከሚቆምበት አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቺንጋው ተቀይሮ ጋርዱ እንዲመለስ፣ እስከዚያው ማሽኑ እንዲቆም እንጠይቃለን።»

ቀን፣ ፊርማ፣ ቢቻል የሦስት አራት ሰው ስም። ስድብ የለም፣ «ቸልተኛ አመራር» የሚል ቃል የለም። ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» አስብላችሁ አስፈርሙ። እምቢ ካሉ ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ ያም ካልሆነ በቴሌግራም ላኩትና ስክሪኑን አስቀሩ። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፤ የፋብሪካ ሎከር ውስጥ አይደለም።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ዝርዝሩ ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92 አሠሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ይዘረዝራል፦ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ ማሳወቅ፣ የደኅንነት ሠራተኛ መመደብ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅ። ኮሚቴ መኖሩን ጠይቁ። አለ ከተባለ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ሕጉ ግን ሠራተኛውንም ይዟል። አንቀጽ 93 የመሣሪያ ብልሽትና የሚያሰጋ ነገር ሲያይ ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል። ደብዳቤው እንግዲህ አመፅ አይደለም፤ ሕጉ ያዘዘው ሥራ ነው። ለአለቃም እንዲህ ተብሎ ሊነገር ይችላል። አንቀጽ 94 ደግሞ የደኅንነት መሣሪያን ማንሳትና ማበላሸት ይከለክላል። ይህ ነገር በኋላ ብር ላይ ይመጣል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ አሠሪው «አልከፍልም» ሊል ይችላል። አለቃ በቃል «አውልቀውና ቶሎ ጨርስ» ካለ፣ ግድግዳው ላይ ግን «ጋርድ ማውለቅ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ካለ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ወረቀቱ ነው። «አውልቅ» ያላችሁን አለቃ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁት። አብዛኞቹ አይጽፉትም፤ ጋርዱም እዚያው ይቀራል።

ይባርሩኛል የሚለው ፍርሃት ከባዶ አይመጣም፤ በተለይ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ። አዋጁ አንቀጽ 26 በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለመባረር ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ደኅንነትንና ጤናን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው ተነግሮት ካላስወገደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል፤ ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ኢትዮጵያ በ1983 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም አለ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ድንገተኛና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከቦታው የራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣበት ይላል። ብቻውን ከሚጠይቅ ሰው ይልቅ የሠራተኛ ማኅበር ያለው ቢጠይቅ እንደሚሻል ግልጽ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት የራሱን ማኅበር ማቋቋም ይችላል።

ከውስጥ መፍትሔ ከጠፋ የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አለ። የቢሮው ስም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አትመኑ። ከተማ አስተዳደሩ ወይም ዞኑ ጋ ሄዳችሁ «የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የት ነው?» በሉ። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ፋብሪካ መግባትና ጉድለቱ በጊዜ ገደብ እንዲስተካከል ማዘዝ ይችላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ቶሎ ይነበባል። ስማችሁ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ገና ከመጀመሪያው ተናገሩ።

አደጋው ከደረሰ

መጀመሪያ መብራቱን ቁረጡ። የተያዘ እጅ ለማውጣት ማሽኑን ወደ ኋላ ማዞር ሁለተኛ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ማሽኑን የሚያውቀው መካኒክ ይምጣ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ በፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩ፣ ፌስታሉን በረዶ ያለበት ውኃ ላይ አስቀምጡ። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብ ነው፤ ባጃጅም ቢሆን የቀደመው ይውሰደው። ጣቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ይመደብ፤ በግርግር ይረሳል።

ማሽኑ እንዳለ ይቆይ። ጋርዱ የት እንደነበር፣ ማብሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ፎቶ አንሱ። የአደጋ ሪፖርቱ ላይ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ተጽፎ ፈርም ቢባል፣ ተጎጂው በሕመም ላይ እያለ አይፈርም። ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ክፍያ አለው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሐኪም ወረቀቱን ዋና ቅጂ ለኤች አር (ለሠራተኛ አስተዳደር) አትስጡ፤ ኮፒ ስጡ።